ጀርባቸውን ሰጥተው የሰሙ ዳኞች

ሰው ስለ አንድ ነገር አብዝቶ ካወራ ያላየውንም ያየ ይመስለዋል። ይህን ያወቅሁት ወልቂጤ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ሦስት ዳኞች ፊት ተቀምጬ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነው። ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን ሳቅ የሚባል ነገር ከአገር የጠፋ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቃችሁ። ይበልጣል እባላለሁ፤ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ወልቂጤ የመጣሁት ኬሚስትሪ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ሐሳቤ ትንሽ ቆይቼ ዝውውር ጠይቄ መመለስ ነበር። ከዚያ ትዕግስትን አገባሁና ዝውውሩም ሐሳቡም እዚያው ቀረ። የትዕግስት እናት እማማ ጠጂቱ ከእምድብር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሰፊ የእንሰት ማሳ አላቸው። ስማቸው ጠጂቱ ይሁን እንጂ ጠጅ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ጴንጤ ናቸው። በዚህ ስቀልድባቸው "ስሙን ያወጣው አባቴ ነው፣ ሄደህ እሱን ጠይቅ" ይሉኛል። አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወጣው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በገንፎ ይሆናል። እኔ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ስነካካው ሌላ ነገር ታየኝ፤ ደጋግሞ ቢታጠብና በወጉ ቢደርቅ ክኒን እንዳይፈረፈር አያይዞ የሚይዝ ጥሩ ስታርች ይወጣዋል። ማስተማሩን ትቼ ወልቂጤ ላይ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈትኩ። ጥሬ ቡላውን የሚያቀርቡት እማማ ጠጂቱና የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው የወርክሾፑ ባለድርሻ ሆኑ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ የባህር ማዶ መድኃኒት አምራች ኩባንያ ናሙናችንን ወደደውና ውል ተፈራረምን። የማጥራቱን ዘዴ ከእነሱ ባለሙያዎች ጋር አብረን አሻሻልነው። ሴቶቹ እናታቸውና አያታቸው ሲሠሩት የኖሩት ሥራ መድኃኒት ቤት ሲገባ አዩና ደስታቸው ወሰን አጣ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። ኩባንያው ከተላከለት ጭነት ውስጥ ሻጋታ አገኘሁ ብሎ ውሉን አፈረሰ። የኩባንያው ባለሙያ መንደሩን ጎብኝቶ ነበርና ምክንያቱንም አስቀምጧል፤ ጥሬ ዕቃው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ተቀብሮ ስለሚቆይ ከመነሻው የተበከለ ነው አለ። ከዚያው ጭነት ለይተን ያስቀመጥነው ናሙና ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ ነበር። እነሱ ግን መነሻው ቆሻሻ ከሆነ አንድ ናሙና ንጹህ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ብለው አጣጣሉት።

ይህ ብቻ ቢሆን ሌላ ገዢ እንፈልግ ነበር። አንገታችንን የያዘው ሌላ የውሉ አንቀጽ ነው። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ የማጥራቱ ዘዴ የኩባንያው ብቻ ይሆናል፤ እኛ በዚያ ዘዴ ሠርተን ለማንም መሸጥ አንችልም። በአጭሩ፣ ከተረታን ሴቶቹ ቡላቸውን ወደ ገንፎ፣ እኔም ጠመኔዬን ወደ ማንሳት ልንመለስ ነው።

ጠበቃችን ነስሩ የቡታጅራ ልጅ ነው። ቀልደኛ ነው፤ ሥራ ላይ ግን ዋዛ አያውቅም። ጉዳዩ መደበኛ ፍርድ ቤት እንደማይሄድ፣ በውላችን መሠረት በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት እንደሚታይ አስረዳን። እኛ አንድ ዳኛ እንመርጣለን፣ እነሱ አንድ ይመርጣሉ፣ ሁለቱ ተስማምተው ሰብሳቢ ይሰይማሉ። አማቴ አባባ ሳህሌ፣ የትዕግስት አባት፣ በአካባቢው ስንት ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ነስሩን ትክ ብለው አዩት።

"ይሄማ የእኛው ነው" አሉ። "ለዚህ ነው ባህር ማዶ ድረስ ስም ያወጣችሁለት?"

የግልግሉ መቀመጫ በውሉ ላይ ናይሮቢ ነው። ሆኖም ምስክሮቻችን የመንደር ሴቶች ስለሆኑ ዳኞቹ ቃላቸውን ለመስማት ወልቂጤ ለመምጣት ተስማሙ። ከተማው ውስጥ ወሬው ተናፈሰ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ "የቡላው ችሎት እንዴት ሆነ?" እያሉ ያቆሙኝ ጀመር።

ሰብሳቢዋ ማዳም አዊኖ የሚባሉ ኬንያዊት ነበሩ። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲያዳምጡ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ። በቀኛቸው እኛ የመረጥናቸው የአዲስ አበባ ፕሮፌሰር፣ በግራቸው ኩባንያው የመረጣቸው አዛውንት ፈረንጅ ተቀመጡ። የኩባንያው ጠበቃ በጣም ረጅም ሰው ነው፤ ሲነሳ የአዳራሹን መብራት የሚነካ ይመስላል። ከጎኑ መንደሩን የጎበኘው ባለሙያ ዶክተር ሊንድ አለ። ቀይ ፊት ያለው፣ ዝምተኛ፣ ክፋት የማይታይበት ሰው ነው። እኔ ግን በዚያን ጊዜ እንደ ጠላት ነበር የማየው።

የመጀመሪያው ምስክር እኔ ነበርኩ። ነስሩ ሲጠይቀኝ እንደ ውኃ ፈሰስኩ። ስለ መፋቁ፣ ስለ መጭመቁ፣ ስለ ማጥለሉ፣ ስለ መዝቀጡ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አስተማሪ ነበርኩና ሰሌዳ ቢሰጡኝ ሥዕሉንም እሥል ነበር። አስተርጓሚዋ ልትከተለኝ አልቻለችም፤ ቀስ እንድል በእጇ ለመነችኝ። ነስሩ በደስታ ተቀመጠ።

ረጅሙ ጠበቃ ተነሳ። ወረቀትም አልያዘም።

"አቶ ይበልጣል፣ ይህን ሁሉ በዓይንዎ አይተዋል?"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። በእማማ ጠጂቱ መንደር እንሰት ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ባል ይሁን፣ ወንድም ይሁን፣ አማች ይሁን፣ ከአጥሩ ማዶ ይቆማል። እኔ ደግሞ የመጣሁ ሰሞን ሳላውቅ ልገባ ስል በእንሰት ቅጠል አባርረውኛል፤ ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም። የማውቀውን ሁሉ የነገሩኝ ትዕግስትና እናቷ ናቸው። ቡላው እኔ እጅ የሚገባው ከአጥሩ ወዲህ፣ በንጹህ ዕቃ ተከድኖ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ግን ስናገረው ስለኖርኩ ያየሁት ያህል ሆኖብኝ ነበር።

ነስሩን አየሁት። ነስሩ ጣሪያውን ያያል። የማልኩት ደግሞ እውነቱን ልናገር ነው።

"አላየሁም" አልኩ።

ረጅሙ ጠበቃ "ሌላ ጥያቄ የለኝም" ብሎ ተቀመጠ። ነስሩ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከኋላ የተቀመጠችው ትዕግስት ስትተነፍስ ሰማኋት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንም ቅር አይለኝም ነበር። በአንድ ቃል የሴቶቹን ሥራ የቀበርኩት መሰለኝ።

ለምሳ ስንወጣ ነስሩ አልተቆጣኝም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነበር። ዝም ብሎ ማኪያቶውን ያማስላል። ወንድ የማይገባው ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀኝና ነገርኩት። ማማሰሉን አቆመ። የኩባንያው ባለሙያ ወንድ ነው፤ እኔ ካልገባሁ እሱ እንዴት ገባ? ከዚያ ወዲያ ምሳውን በእርጋታ በላ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሊንድ የምስክር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ነስሩ በሪፖርቱ ስላለው ጉድጓድ አስረዝሞ አላወራም። የጠበቃውን ጥያቄ ቃል በቃል መልሶ ጠየቀው፤ ሴቶቹ ቡላውን ሲያወጡ በዓይንህ አይተሃል ወይ አለው። ዶክተሩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ እንዳላየ፣ ወደ ሥራው ቦታ ሊገባ ሲል እንደከለከሉት፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ግን በጓሮ በኩል ወስደው ጉድጓዱን እንዳሳዩት ተናገረ። ጉድጓዱ በቅጠል የተሸፈነ፣ ኃይለኛ ሽታ ያለው፣ ውስጡ የሚብላላ ነገር እንደሆነ አስረዳ። ሥራው ሁሉ እዚያ የሚያልቅ መስሎት ነበር።

ትዕግስት ወደ አባቷ ዞረች። አባባ ሳህሌ አንገታቸውን አቀርቅረው ጺማቸውን ያሻሉ። እንግዳ ባዶ ዓይኑን እንዳይመለስ ብለው ያላቸውን የከበረ ነገር አሳይተውት ነበር፤ የዓመት ቆጯቸውን።

ማዳም አዊኖ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ፊታቸው ላይ ሊያመልጣቸው ያለ ሳቅ ይታያል።

"እንግዲህ ከገባኝ" አሉ፣ "እዚህ አዳራሽ ያለ ወንድ ሁሉ ስለማያውቀው ነገር ሲከራከር ነው የዋለው። ነገ ሄደን እንየው።"

በማግሥቱ ጠዋት በሁለት ሚኒባስ ወደ እምድብር ተጓዝን። ዝናብ ጥሎ አድሮ መንገዱ ይንሸራተታል፤ የመጨረሻውን ቁራጭ በእግር ሄድን። ረጅሙ ጠበቃ በከተማ ጫማው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተና ሁለቱንም ጊዜ ነስሩ ክንዱን ይዞ አተረፈው። እኔ ከሁሉ ኋላ ነበርኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማማ ጠጂቱ ዳኞቹን ያስገባሉ ወይስ አያስገቡም?

አላስገቡም።

አጥሩ በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ በአክብሮት ሰላምታ ሰጡ፤ ማዳም አዊኖን ግን አቅፈው ሳሙ። ከዚያ ሴቶች ይግቡ፣ ወንዶች እዚህ አረፍ ይበሉ አሉ። ረጅሙ ጠበቃ ሦስቱም ዳኞች በአንድነት ያላዩት ነገር ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ተቃወመ። እውነቱን ነው፤ ነስሩ ራሱ በጆሮዬ "በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነው የምለው" አለኝ። አንዱ በስልክ ይቀረጽ የሚል ሐሳብ አመጣ። እማማ ጠጂቱ ሐሳቡን በትዕግሥት አዳመጡና ስልኩን ማን እንደሚያየው ጠየቁ። ወንዶቹ ዳኞች እንደሚያዩት ተነገራቸው። ወንድ በስልክ ስላየ ወንድነቱ አይቀርም ብለው እምቢ አሉ።

ነገሩ ተቆላለፈ። ሰማዩ ደግሞ ጠቆር ብሏል። እኔ እማማን ወደ ጎን ወስጄ ለመንኳቸው።

"እማማ፣ ካላዩት እንሸነፋለን። ሥራው ይዘጋል።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ግን ለመርታት ብዬ የእናቴን ደንብ ካፈረስኩ፣ ነገ ልጆቼን የቱን ሥራ ነው የማስተምራቸው?"

ያዳኑን አባባ ሳህሌ ናቸው። ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ በሐፍረት ዝም ብለው ነበር። አሁን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ማዳም አዊኖ ቀርበው በትሕትና ሐሳብ አቀረቡ። ወንዶቹ ከአጥሩ ጋር ተጠግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ። ሰብሳቢዋ ይግቡና የሚያዩትን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩ። የሚጠይቅ ካለ ሳይዞር ይጠይቅ። ጆሮ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ዓይን ነው። እማማ ጠጂቱም ይህን ሲሰሙ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳኞቹ ተያዩ። ጠበቆቹ ለብቻቸው ተነጋገሩ። ረጅሙ ጠበቃ መጨረሻ ላይ ትከሻውን ሰበቀና በዚህ መንገድ መስማማቱን የችሎቱን ቃል በሚይዘው ድምፅ መቅረጫ ላይ ተናገረ፤ ነስሩም ተከተለው።

እንግዲህ ይታያችሁ። ፕሮፌሰሩ፣ አዛውንቱ ፈረንጅ፣ ሁለቱ ጠበቆች፣ ዶክተር ሊንድና እኔ በሁለት አግዳሚ ወንበር ተደርድረን፣ ጀርባችንን ለእንሰቱ፣ ፊታችንን ለአባባ ሳህሌ በሬዎች አድርገን ተቀመጥን። አባባ ሳህሌ የሚዞር ካለ ብለው ከዘራቸውን ይዘው ፊታችን ቆሙ። በሬዎቹ እያመሰኩ ይመለከቱናል።

ከኋላችን የቀርከሃ መፋቂያ ድምፅ ተነሳ። ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ማዳም አዊኖ መናገር ጀመሩ። ሴቶቹ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበዋል፤ ግንዱ ንጹህ ቅጠል ላይ ተደግፏል፤ የተፋቀው ነጭ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ አሁን ጨርቅ ውስጥ አስገብተው ሊጨምቁት ነው። ድምፃቸው እየቆየ ተለወጠ። ሲጀምሩ እንደ ዳኛ ነበር የሚናገሩት፤ ኋላ ግን ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ሆኑ። ጭመቂ ተብለው ሲጨምቁ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ አስተርጓሚዋም ሳቁን መተርጎም አቅቷት አብራ ሳቀች። እኛ ወንዶቹ ሳናይ መሳቅ ጀመርን። አዛውንቱ ፈረንጅ ከሁላችን ይበልጥ ሳቁ።

ዓመታት ያወራሁለትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ እየሰማሁት ነበር። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ። ያልነገሩኝን ነገር እንኳ ሰማሁ፤ ሲጨምቁ የሚያዜሙት ዜማ አለ፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ አዛውንቱ ፈረንጅ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ሳይዞሩ፣ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። ፈሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው? ጉድጓዱስ?

መፋቂያው ቆመ። የእማማ ጠጂቱ ድምፅ ተሰማ።

"ፈሳሹ በጨርቅ ተጠልሎ ተከድኖ ይዘቅጣል፤ ሲዘቅጥ ለይበልጣል ይሰጣል። ጉድጓድ የሚገባው ጭማቂው የወጣለት ነው። እሱ ቆጮ ነው፣ ለምግብ ነው፤ ሲብላላ ይጥማል። ቡላው ወደዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል?"

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ማዳም አዊኖ ሁሉንም ራሳቸው ተከትለው ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩና የእግራቸው ድምፅ ሲርቅ ሰማን። ወደ ዕቃው፣ ከዕቃው ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ተመልሰው። ያቺ ጊዜ እንዴት ረዘመችብኝ። ተመልሰው ቡላው በተከደነ ዕቃ ብቻ እንደሚሄድ፣ ጉድጓዱ በሌላ ወገን እንዳለና በውስጡ ያለው ሌላ ነገር እንደሆነ ማየታቸውን ለመቅረጫው ተናገሩ። ረጅሙ ጠበቃ ከግድግዳ ጋር የሚነጋገር ይመስል አንገቱን ሳያዞር ብዙ ጠየቀ፤ ለሁሉም መልስ አገኘ።

ከዚያ ማዳም አዊኖ ወደ እኛ ወጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ነው፤ በቀሚሳቸው ላይም ተንጠባጥቧል። ትናንት ዘቅጦ ያደረ ቡላ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ዶክተር ሊንድ ፊት አኖሩት። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። በጣቱ ነካው፤ በሁለት ጣቱ መሃል አሸው። ከዚያ ቀና ብሎ ያየው ጠበቃውን አልነበረም፤ ዳኞቹን ነው።

"እኔ ያየሁት ይህን አይደለም" አለ። "ስለ መነሻው የጻፍኩትን አነሳለሁ።"

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ነስሩ በሹክሹክታ "አልሐምዱሊላህ" አለ። እኔ ያን ሰው ተነስቼ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያገደኝ የአባባ ሳህሌ ከዘራ ነው። በጠላትነት ያየሁት ሰው አሠሪዎቹ ፊት ሳይፈራ ተሳስቼ ነበር አለ። እንዲህ ማለቱ ምን ሊያሳጣው እንደሚችል አስቡት።

ዝናቡ መጣና ሁላችንም ቤት ገባን። እማማ ጠጂቱ ለማንም ሳይለዩ ክትፎ በቆጮ አቀረቡ። የእኛ ወገን፣ የእነሱ ወገን የሚባል ነገር በገበታው ላይ አልነበረም፤ ነስሩ ብቻ ዳኞቹ አጠገብ ላለመቀመጥ ይጠነቀቅ ነበር። ዶክተር ሊንድ ቆጮውን ደጋግሞ አነሳ። አባባ ሳህሌ በዓይናቸው ተከተሉትና ከየት እንደወጣ ያውቅ እንደሆነ አስጠየቁት። ሲነገረው መጉረሱን ለአፍታ አቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በጽሑፍ አልቆ ውሳኔ መጠበቅ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ብዙ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን ለእናንተ ለአንባቢዎቼም ላካፍላችሁ። የረጅሙን ጠበቃ ጥያቄ ስሰማ መዋሸት እችል ነበር፤ ማንም አይደርስብኝም። "አይቻለሁ" ብል ኖሮ ግን ሰብሳቢዋ ለማየት ባልተነሱ፣ ዶክተሩም ባልተጠየቀ። የጎዳኝ የመሰለኝ ቃል ነው በሩን የከፈተው። ዛሬ ወርክሾፑ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማስተምረው "አላየሁም" ማለትን ነው። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ ዓለም አቀፍ ግልግል ሲባል የሰው አገር ሕግ መጥቶ የሚጨፈልቀን ይመስለኝ ነበር። ቁምነገሩ ግን አባባ ሳህሌ ቀድመው የተናገሩት ነው፤ ሁለቱም ወገን ያመነው ሰው ተቀምጦ፣ ሰምቶ፣ ካስፈለገም ከወንበሩ ተነስቶ ሄዶ አይቶ ይፈርዳል። እማማ ጠጂቱም ደንባቸውን ሳያፈርሱ እውነታቸውን አስረዱ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነበርኩ።

ውሳኔው ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ሲደርስ ትዕግስት አተመችውና ወደ መንደር ወጣን። ሴቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። እሷ ገባች፤ እኔ እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። መፋቂያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ትዕግስት በአማርኛ ታነባለች፣ ከዚያ በመንደሩ ቋንቋ በቸሃ ትናገራለች፤ ያንን ሁሉ አንቀጽ ስታነብ እኔ አጥሩን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ውሉን ያፈረሰው ኩባንያው ነው፤ ብክለቱ ከሴቶቹ ሥራ መምጣቱ አልተረጋገጠም፤ ዘዴው የጋራ ነው፤ ሴቶቹ ለወደዱት መሸጥ ይችላሉ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቸሃ ተናግራ ጨረሰች።

ከዚያ እልልታው ፈነዳ። ኮረብታው ማዶ ያሉ ሰዎች ምን ተወለደ ብለው ከቤታቸው ወጡ። እኔ ብቻዬን ውጭ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስ ሲል ደግሞ እንዲህ ያደርጋል። እልልታው በረድ ሲል ከቅጠሉ ማዶ እማማ ጠጂቱ ጠሩኝ።

"ይበልጣል፣ አለህ?"

"አለሁ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ምን ቆመሃል? ዕቃ አቀብለን፣ ሥራ አለብን።"